ከቦርዱ ጀርባ

ቢላዋው ከግድግዳው ቦርድ ጀርባ ገባ። ምስማር፣ በድብቅ ለምርመራ የላከው መሥሪያ ቤት ያወጣለት የምስጢር ስም ነው፣ ቆርጦ ያወጣውን የፎም ቁራጭ ሸሚዙ ውስጥ ከተተ። ሦስተኛ ፎቅ፣ የግንባታ መወጣጫ ላይ ፍርሃትን የት ይደብቁታል?

ግድግዳው ውስጥ መግባት የነበረበት እሳት የማይበላው የድንጋይ ሱፍ ነው። ተቆጣጣሪ በሚያየው ምድር ቤት እሱ ገብቷል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ክብሪት ሲነካው የሚንቦገቦግ ፎም ነው። ሕንጻው ሆቴል ሊሆን ነው፤ ሰው ይተኛበታል። ማስረጃው ዛሬ ካልወጣ ነገ ሁሉም በልስን ይሸፈናል።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል» አለ አብሮት ቦርድ የሚያስረው ሽማግሌ።

«ሆዴን ነው፣ አጎቴ።»

«ታዲያ ምሳዬን እንደዚያ ስትሰለቅጠው ማን ብላ አለህ?»

የዕቃ ሊፍቱ ቆመ። ማስረጃውን የሚረከበው የመሥሪያ ቤቱ ሰው የመሐንዲስ ቆብ አጥልቆ ወጣ።

«ቱንቢው ደረሰ?» ሲል ጠየቀ።

«ክሩ ቀርቷል።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው።

«አምጣው። ቶሎ!»

ሰውየው ቦርሳውን ከፈተ። የቀላ ክንዱን ያክካል። ምስማር ይህን ማሳከክ ያውቀዋል፤ የድንጋይ ሱፍ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ቢሮ የሚውል ሰው ሱፍ የት አገኘ?

ቦርሳው ውስጥ አየ። የድንጋይ ሱፍ ቁራጭ። ፎሙን ሊለውጥበት ነው።

ሰውየው ተገዝቷል።

ምስማር ወደ ኋላ ሸሸ። የሰውየው እጅ ግን ደረሰበት፤ አንቆ ወደ ጠርዙ ገፋው።

«ልቀቀው አንተ!» ሽማግሌው መሃል ገባ። ተናነቁ።

ሽማግሌው ከጠርዙ ወደ ታች ወደቀ።

ሠራተኞቹ ተንጋግተው መጥተው ሰውየውን ያዙት። ምስማር ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ሽማግሌው የአሸዋ ክምር ላይ ተጋድሞ ያቃስታል።

«ያ ልጅ ተረፈ?» ይላል።

ምስማር ቢቆም የግቢው ጥበቃዎች በሩን ዘግተው ፎሙን ይቀሙታል። አልቆመም። እያለቀሰ አለፈው።

ፎሙን ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ በእጁ አስረከበ። ሥራው ታገደ፤ ግድግዳው ይፍረስ ተባለ። ለምስማር የደረሰው ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «ከዚያ የግንባታ ቦታ ማንንም አታውቅም።»

እሱ ግን አላስቻለውም፤ ሆስፒታል ሄደ። በኮሪደሩ የሽማግሌው ልጅ አገኘችው። ዓይኗ አብጧል።

«አባባ ከእንግዲህ አይራመድም። አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ አምጡልኝ እያለ አስቸገረን። ያውቁት ይሆን?»

ምስማር የክፍሉን በር አየ።

«አላውቀውም፣ እኅቴ» አለና ወደ መውጫው ሄደ።