የደነዘዘው ጠርዝ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እውነት ነው። አንዲት ቃል ከጨመርኩበት ጢሜ ይርገፍ፤ የእኔ ጢም ከረገፈ ደግሞ የመንደራችን የቤሊ ዶል ሰው አካፋ ይዞ እስከ ፋሲካ ሲጠርግ ይከርማል። ስታመን እባላለሁ፤ ልጆቹ ባይ ስታመን ይሉኛል፣ ጋሼ እንደማለት ነው። ከበረዶው ሜዳ ሥር ያለው ስኪ የሚባለው የበረዶ መንሸራተቻ መጠገኛ የእኔ ነው። ሦስት መቶ ሺህ ስኪ በእጄ አልፏል። አንዱን ገልበጥ አድርጌ ሳየው የባለቤቱን ዕድሜና ክብደት፣ የትኛው ጉልበቱ እንደሚያመውም ጭምር እናገራለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ነገሩ በሆነበት ሐሙስ እኔ ቤሊ ዶል አልነበርኩም። ዋና ከተማው ሶፊያ ነበርኩ፤ ስለ በረዶ የሚያማክራቸው ሰው አጥተው ትልልቅ ሰዎች አስጠርተውኝ ነው። የምተርከውን ሁሉ ያገኘሁት ከቢሴራ ከራሷ አፍ ነው።

«ሙድ እየያዝክብኝ ነው?» አለች ቢሴራ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። በዚያ ክረምት በረዶው የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጋ ስለደረሰ ቄሱ ቆመው በእግራቸው ይደውሉት ነበር። የአሥራ አራት ዓመቷ ቢሴራ በመጠገኛዬ ውስጥ፣ ለልጆች የሚዋሱ ስኪዎች ከተደረደሩበት ግድግዳ ፊት ቆማለች። ከጎኗ የክፍል ጓደኛዋ ሞምቺል አለ፤ ቀጭን፣ ጆሮው ትልቅ፣ ከአፉ የማስቲካ ሽታ የማይለየው ልጅ።

«ምን ሙድ እይዛለሁ? የምነግርሽ የማውቀውን ነው» አላት። «ረጅሙን ተይው።»

ረጅሙ ቀይ ነበር፤ አዲስ የሚመስል፣ ቢሴራ ስታቆመው ከግንባሯ አልፎ የሚሄድ የውድድር ስኪ። ሞምቺል የሚያሳያት ሌላኛውን ነው። አፍንጫዋ ላይ የሚያበቃ፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ከፊትም ከኋላም ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ።

«ይሄ የሕፃን ነው» አለች።

«የፓርክ ነው። ከጉብታው ዘለሽ ወደ ኋላ ዞረሽ ብታርፊስ? የኋላው ጫፍ ካልተቆለመመ በረዶው ውስጥ ይሰካና አፈር ትበያለሽ። የጫማ ማሰሪያውም መሀል ላይ ነው፤ አየር ላይ ስትዞሪ አይከብድሽም። እስቲ እጠፊው።» ስኪውን ይዞ መሬት ላይ ተጫነው፤ እንደ ቀስት ጎበጠ። «ለስላሳ ነው። ሐዲድ ላይ ለስላሳ ነው የሚያዋጣው። ቀዩ ግን ሳንቃ ነው፤ አሽቀንጥሮ ነው የሚጥልሽ።»

ፓርክ የሚሉት ዛፍና አግዳሚ ወንበር ያለበትን ቦታ አይደለም። ረጃጅም የብረት ሐዲዶችና የበረዶ ጉብታዎች የተተከሉበት ቁልቁለት ነው። ልጆቹ በሐዲዱ ላይ ጎን ለጎን ይንሸራተታሉ፣ ከጉብታው ይዘላሉ። አሰልጣኝ ክሩም በፓርክ ቡድናቸው ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቷቸው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን አይተው አንድ ይመርጣሉ። ቢሴራ ቦታውን ትፈልገዋለች። ሞምቺልም ይፈልገዋል።

ቢሴራን የከነከናት ይኸው ነው። አንድ ቦታ ለሁለት ሆኖ ሳለ ይህ ልጅ ምን ብሎ ይመክራታል?

«አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ» አለ ሞምቺል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከእግርሽ ሥር ያለውን የብረት ጠርዝ አደንዝዢው። ስለት ካለው ሐዲዱን ይነክስና—»

«አቦ ተወኝ» አለችው።

ምን ታድርግ? የዲንኮ ልጅ ናት። አባቷ ዲንኮ በወጣትነቱ የቁልቁለት ተወዳዳሪ ነበር። በእነሱ ቤት የስኪ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይሳላል፤ በእሱ ጢሙን ሲላጭ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ቤት ጠርዝ ማደንዘዝ ማለት በእንግዳ ወጥ ውስጥ መትፋት ማለት ነው። ያም ሆኖ ቢሴራ አጭሩን ስኪ መረጠች። ቀዩን ባለፈው ሳምንት ሞክራው ሁለት ጊዜ ጥሏታል፤ ይህን ግን ለሞምቺል አልነገረችውም። ስኪዎቹን፣ ስኪ ጨብጦ የሚይዘው ሞርሳ አጠገብ አቁማ፣ ስሟን በወረቀት ጽፋ ለጥፋባቸው ሄደች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ስትመጣ መጠገኛው ክፍት ነው። ሰው የለም። ከስኪዎቿ አንዱ ሞርሳው ላይ ታስሯል።

እንደ አባቷ ልማድ ጥፍሯን ጠርዙ ላይ ሳብ አደረገች። ጫፉ ላይ ስለት አለው፤ ጥፍሯን ፋቅ አደረገላት። መሀል ላይ፣ እግር በሚቆምበት ቦታ ግን ጥፍሯ እንደ ማንኪያ ጀርባ ላይ ተንሸራተተ። በአንድ ክንድ ርዝመት ጠርዙ ሞቷል። ከሥሩ ጠረጴዛው ላይ የብረት ብናኝ ተበትኗል። ብናኙ ላይ ቀይ እጀታ ያለው ሞረድ ተቀምጧል። ከሞረዱ አጠገብ ደግሞ የሞምቺል ጓንት፣ ግራው ብቻ።

ሌላኛውን ስኪ አነሳች። ስለታም ነው፤ ማንም አልነካውም።

አንዱን ብቻ። ይህ ይበልጥ አስፈራት። ሁለቱ ጠርዞች ካልተመሳሰሉ አንዱ እግር ይነክሳል፣ ሌላው ይንሸራተታል። ሰው እንዲወድቅ የፈለገ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ክፍሉ ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና ኮምጣጤ ይሸታል፤ ይህን የጻፍኩት ቁም ነገር ስለሆነ አይደለም፣ ቢሴራ ስላነሳችው ብቻ ነው። በቤሊ ዶል ነጭ ሽንኩርት የማይበላ የለም።

ስኪውን ተሸክማ ቤቷ ወሰደችው። ዲንኮ የሚበላውን ባቄላ ትቶ አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ አሳለፈ።

«ማነው ይህን ያደረገው?»

«አላውቅም።»

«ታውቂያለሽ። አይንሽ ያውቃል።» ስኪውን መለሰላት። «ይህን ያደረገ ሰው አንቺን ተሰብረሽ ማየት የፈለገ ነው። ለክሩም ካልነገርሽ እኔ እነግራለሁ።»

«ራሴ እነግራለሁ፣ አባዬ።»

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሞምቺልን ስትሰልል ዋለች። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሁለት ጊዜ ዞሮ አያት። በእረፍት ሰዓት እጁን ኪሱ ከቶ ዋለ፤ ጓንት ስለሌለው ነው ወይስ የሚደብቀው ነገር ስላለ? ከሌሎች ልጆች ጋር ሲስቅ ስትቀርብ ዝም አለ። የሚጠራጠር ሰው ዘንድ ሳቅም ዝምታም ያው ማስረጃ ነው።

የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ያዛት። «ስኪሽ እንዴት ሆነልሽ?»

«እንዴት እንዲሆን ነበር የፈለግከው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ትላንት መጠገኛው ነበርክ?»

«ጓንቴን ልፈልግ ብቅ ብዬ ነበር። ሰው ሰማሁና ተመለስኩ። ባይ ስታመን የሆነ ነገር ሲሠራ ከደረስሽበት ሦስት ሰዓት ያወራሻል።»

«ባይ ስታመን ሶፊያ ነው።»

ሞምቺል ማስቲካውን ማኘክ አቆመ። «እንግዲያ ማን ነበር?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አለችና ትታው ወረደች። ጥሩ ተዋናይ ነው ብላ አሰበች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድም ቀን ውሸቱን ይዛው አታውቅም። ይህም ራሱ ዛሬ አጠራጠራት።

ቅዳሜ ጠዋት አሰልጣኝ ክሩም ወደሚቀመጡባት የእንጨት ጎጆ ወጣች። የምትለውን በልቧ አሰናድታለች፤ አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ክሩም በእንዲህ ያለ ነገር አይቀልዱም። የሰው መሣሪያ የነካ ልጅ ዳግመኛ ፓርኩን አይረግጥም።

ከጎጆዋ በር አጠገብ የትልልቆቹ ልጆች ስኪዎች በረዶው ላይ ተሰክተው ቆመዋል፤ ስድስት ጥንድ። ፀሐይዋ ከጥድ ዛፎቹ በላይ ብቅ ስትል ጠርዞቻቸው ከላይ አበሩ፣ ከታችም አበሩ። መሀላቸው ግን አላበራም።

ቢሴራ ቆመች። ጓንቷን አውልቃ የመጀመሪያውን በጥፍሯ ሳበች። መሀሉ ላይ ተንሸራተተ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አሥራ ሁለቱንም ዳሰሰች፤ አሥራ ሁለቱም ከእግር ሥር ደንዝዘዋል። ከእነሱ መሀል የተሰካው የሞምቺልም ያው ነበር፤ በሁለቱም እግር።

ከጎጆዋ ውስጥ የክሩም ሳል ይሰማል። ለበሩ ሁለት እርምጃ ይቀራታል።

ወደ ኋላ ዞረች። ቁልቁል ሮጣ መጠገኛው ገባች። ያልተነካውን ስኪ ሞርሳው ላይ አሰረች፣ ቀይ እጀታ ያለውን ሞረድ አነሳች። የመጀመሪያው ፍግፈጋ ጥርሷን አስነከሳት፤ የአባቷ ድምፅ ከብረቱ ውስጥ የሚጮህ መሰላት። ሦስተኛው ቀለል አለ። ሞምቺል በሩ ላይ ደርሶ አያት፤ ገብቶ የስኪውን ጫፍ እንዳይንቀጠቀጥ ያዘላት።

«ቀስ በይ» አላት። «ጫፉን እንዳትነኪው። እሱ ስለት ይፈልጋል።»

«አውቃለሁ» አለች፤ አታውቅም ነበር።

ልክ በዚያች ደቂቃ እኔ ከሶፊያ ስመለስ በመስኮት አየኋቸውና እንባዬ ጢሜ ላይ ረጋ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፤ ሁለቱም ወጡ፣ ቢሴራ ሐዲዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨርሳ ከጉብታው አሥራ ሰባት ሜትር ዘለለች፣ ክሩም አንዱን ለመምረጥ ቢቸግራቸው ሁለቱንም ወሰዱ። ታሪኩ ይህ ነው።

ጽፌ የጨረስኩት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው። ቢሴራ አሁን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የፓርኩን ልጆች የምታሠለጥነው እሷ ናት። ለሠልጣኞቿ አሥር ጥንድ ስኪ ልትወስድ መጥታ ወረቀቶቹን ሞርሳው አጠገብ አገኘቻቸው። ጃኬቷን ሳታወልቅ ቆማ አነበበች። የመጨረሻውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ባይ ስታመን» አለችኝ። «በዚያ ዓመት በረዶ አልነበረም። ሰው ሠራሽ በረዶ በሚረጭ ሁለት መድፍ ነው መቶ ሜትር ያነጠፉት።»

«እሱማ ለማሳመር—»

«የትልልቆቹን ልጆች ስኪዎች የዳሰስኳቸው ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ቅዳሜ ዕለት ክሩም ዘንድ ገብቼ ተናግሬበታለሁ። አራቱንም ዓረፍተ ነገር። ሞምቺል አልተወዳደረም። ጓንቱንም መጥቶ አልወሰደም፤ በበጋው ቤተሰቦቹ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ቡርጋስ ሄዱ።»

ሞርሳው ላይ የማጠብቀው ነገር ፈለግሁ፤ ምንም አልታሰረበትም።

«ሶፊያም አልሄድክም» አለች፤ ድምፅዋ የስኪ ሰም ማቅለጫዬ ከሚያሰማው አይበልጥም ነበር። «ለሐዲድ እንዲመቸኝ አንዱን ሞርደህ፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮምጣጤ ወደምታፈስባት የጨጓራ ሾርባህ ተነሳህ፤ ሁለተኛውን ረሳኸው። ስጠይቅህ ሶፊያ ነበርኩ አልከኝ። አባቴን ፈርተህ ነው። ሽታውን ያኔም አውቄው ነበር። እኔም ሞምቺል ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ አንድ ቦታ ነበር የቀረው።»

ስኪዎቹን በሁለት ትከሻዋ ከፍላ ተሸከመች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ሞምቺል እሁድ ከቡርጋስ ይመጣል። ልጁን ፓርክ ሊያስገባ። የእኔን ጥፋት እኔ እነግረዋለሁ» አለች፤ ከዚያ በክርኗ ወረቀቶቹን አሳየችኝ። «ሞረዱ የማን እንደሆነ ግን አንተ ብትጽፈው ይሻላል።»