አጎት እንዳሻው በስሌቱ ውስጥ

እሑድ መጋቢት 14 ቀን ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ዮሐና ላፕቶፗን ወደ ወንድሟ አዞረችና «በቃ፣ ልትጫወት ነው!» አለችው።

ኖኤል ወዲያው አላመናትም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው፤ በሚኖሩባት የአውሮፓ ከተማ፣ በሊንደበርግ የታዳጊ እግር ኳስ ቡድን የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር። አባታቸው ንዋይ ባለፈው ጥቅምት ማዮርስቱን ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ በድንገት ወድቆ ከሞተ ወዲህ ግን ኳስ አልነካም። ሐኪሞቹ የቤተሰቡን ደም መርምረው በአባቱ ዘረመል ውስጥ፣ ዮሐና «ፊደሏ» የምትላት አንዲት ትንሽ ለውጥ አግኝተዋል። ዮሐና የላትም። ኖኤል አለችው፤ የእሱም ልብ እንዳይቆም ተፈርቶ ኳስ ተከልክሏል።

«ቀስ ብለሽ አስረጂኝ» አላት።

ዮሐና ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ዳታ ሳይንስ ነው፤ ያተኮረችውም በዘረመል ስታቲስቲክስ ላይ ነው። አባቷ በሕይወት ሳለ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ ደም በኮምፒውተር ትቆጥራለች» እያለ ያስቃት ነበር። አሁን ስለ ትምህርቷ የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ ወሬ ትቀይራለች።

«ፊደሏ ገዳይ ትሁን አትሁን ሐኪሞቹም እርግጠኛ አይደሉም» አለች። «የሚያመሳክሩበት መረጃ በአብዛኛው የአውሮፓውያን ነው። እኛ አገር ምናልባት በየሰፈሩ ያለች፣ ማንንም ያልነካች ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ የሚቀረው ቤተሰቡን ማየት ነው። ማን ታመመ? ማንስ ፊደሏ አለችበት?»

ወረቀት ስባ ሁለት አራት ማዕዘን ሣለች። ከላያቸው አያታቸውን ኃይለመስቀልን አደረገችና ወደ ሁለቱም መስመር አወረደች።

«ይሄ አባ ነው። ይሄ ደግሞ አጎቴ እንዳሻው። ሁለት ወንድማማቾች፣ የሁለቱም ልብ በድንገት ቆመ። ሆስፒታሉ የእንዳሻውን የደም ናሙና አስቀምጦት ነበር፤ አርብ ዕለት ውጤቱ መጣ። ፊደሏ የለችበትም! ገባህ? እሱ ያለ እሷ ከሞተ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም ማለት ነው። ያንተ የልብ ምርመራ ደግሞ ንጹሕ ነው። ሐኪሙም ማክሰኞ የሚነግረን ይሄንኑ ነው፤ እኔ ራሴ ደግሜ አስልቼዋለሁ።»

እናታቸው የዓለምወርቅ ድንች የምትልጥበትን ቢላ እንደያዘች ከኩሽና ብቅ አለች። «ምን ተገኘ?»

«ኖኤል ደህና ነው፣ እማ!»

የዓለምወርቅ ቢላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ከዚያ አለቀሰች። ከቀብሩ ወዲህ ልጆቿ ፊት እንዲህ ድምፅ አውጥታ አልቅሳ አታውቅም።

የኖኤል ስልክ ድምፅ ሰጠ። የቡድኑ ተከላካይ ጓደኛው ሙስዓብ ነው። «ብሮ፣ አሠልጣኙ ቅዳሜ ግራ ክንፍ ላይ ማንን እንደሚያስገባ ጨንቆታል። ያቺን ጫማህን ሙዚየም ልታስገባት ነው እንዴ? ካልፈለግካት ለኔ ወርውራት።»

ኖኤል እየሳቀ መልስ መጻፍ ጀመረ። «ቅዳሜ» ብሎ ጽፎ ጣቱ ቆመ። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ፣ ወደ እንዳሻው የወረደችው መስመር ላይ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እንዳሻው የተቀበረ ዕለት፣ እሱና አባቱ መኪና ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። አባቱ መሪውን ይዞ ቆየና ሞተሩን ሳያስነሳ ተናገረ። «እንዳሻው የጎረቤታችን ልጅ ነበር። እናቱ ስትሞት አባቴ እጁን ይዞ ቤት አመጣው። ስሙን ሰጠው። በአንድ አልጋ ተኝተን አደግን። ይሄን እናትህም አታውቀውም። አንድ ሰው ይወቀው ብዬ ነው እንጂ፣ ወንድሙ አይደለም የሚል ቃል ካንተ አፍ እንዳይወጣ።»

ኖኤል እሺ አለ። ክፍሌን አጸዳለሁ፣ ስልክ ቶሎ እዘጋለሁ፣ ለአባቱ ያልገባው ቃል አልነበረም። ያላፈረሰው ይህን አንዱን ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ ምን ይጠርጥር? የሁለቱም የቤተሰብ ስም ኃይለመስቀል ነው። ዝም ቢል ቅዳሜ ይሮጣል። የአባቱም ቃል ይጠበቃል፣ እናቱም ዛሬ ተኝታ ታድራለች። ግን ቀና ሲል እናቱ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች ትስቅ ነበር፤ ነጠላዋን በድጋሚ፣ አሁን ለእሱ ሐዘን፣ ዘቅዝቃ ስትለብስ ታየው።

«ዮሐና፣ ይቺን መስመር አጥፊያት።»

«የቷን?»

«ወደ አጎቴ እንዳሻው የምትወርደውን። አያታችን አሳደጉት እንጂ አልወለዱትም። አባ ነግሮኛል።»

«አትቀልድ እንጂ!» አለችና ፊቱን አየችው። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። እንዳሻው በደም ዘመድ ካልሆነ፣ ፊደሏ በእሱ ላይ አለመገኘቷ ስለ አባታቸው ሞት የሚናገረው ነገር የለም። ላፕቶፗን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«ኖኒ... እንዲህ ከሆነ እኮ ኳሱ...»

«አውቃለሁ።»

የዓለምወርቅ ልጇን አተኩራ አየችው። «ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ ለኔ ያልነገረኝን ላንተ ነገረህ?»

«ወንድሙ አይደለም እንዳትል ብሎኝ ነበር። አላልኩም፣ እማ። አልወለዱትም ነው ያልኩት።»

እናቱ ቢላውን አንሥታ «ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩትና ያስተካክለው» አለች። «እኔ ግን የእንዳሻውን መታሰቢያ በየዓመቱ እንደማደርገው አደርጋለሁ። ንዋይ ወንድሜ ካለው ወንድሙ ነው።» ወደ ኩሽና ተመለሰች።

ዮሐና ላጲስ አነሣች፤ መስመሯን ግን ሙሉ በሙሉ አላጠፋቻትም። እዚህም እዚያም ቆራርጣ ነጠብጣብ አደረገቻት። «የማደጎ ልጅ እንዲህ ነው የሚሣለው» አለች። «ከቤተሰቡ አይወጣም።»

ኖኤል ስልኩ ላይ የጻፈውን አጠፋ። «ጫማውን ና ውሰድ» ብሎ ለሙስዓብ ላከለት።

ማክሰኞ ሐኪሙ እንዳሻውን ከስሌቱ አወጣው፤ የኳስ እገዳውም ባለበት ቀጠለ። በዚያ በጋ ኖኤል አንድም ጨዋታ አልገባም። ሙስዓብ ጫማውን አድርጎ ተጫወተ፤ ትንሽ ስለሚሰፋው ሁለት ካልሲ ይደርብ ነበር።