ያልነቃው ክር

ሰኞ ጠዋት ትርሲት ሁለት ፍርሃት አለዘበች፣ አንድ ቅናት ቀነሰች፣ የአንዲት ሙሽራ ዓይን አፋርነት ደግሞ ለሠርጓ እንዲደርስላት አስተካከለች። ከዚያ እጇን ታጥባ ቀጣዩን ባለተራ ጠራች። ከድሬዳዋ ሰማይ ሥር የተዘረጉት ታጣፊ የፀሐይ መከለያ ጥላዎች ከመጋላ እስከ ሳቢያን ተከፍተዋል፤ ከተማዋም ከሥራቸው ሆና እንደ ልማዷ ትንጫጫለች። በዚያ ዘመን ጠባይን ማስተካከል ጥርስን ከማስተካከል የተለየ ነገር አልነበረም። ሰው ተሰልፎ ይገባል፣ ሩብ ሰዓት ይተኛል፣ ምሳውን እቤቱ ሄዶ ይበላል።

መሣሪያው ገሪ ይባላል። ከፀጉር የቀጠነ ክር ነው፤ ከጆሮ ኋላ፣ ከቆዳ ሥር ይገባል። ሰውየው ሊተወው የፈለገው ነገር፣ ቁጣም ይሁን ስስት፣ ከውስጡ ሊነሣ ሲል ክሩ ቀድሞ ያውቅና ያበርደዋል። ተገዶ የሚያስገባ የለም። «የምለወጠው በራሴ ምርጫ ነው» ብሎ ያልፈረመ ሰው ትርሲት የምትሠራበት የጠባይ ቤት አልጋ ላይ አይወጣም።

ባለተራው ኢድሪስ ነበር። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። የከተማዋን ጥላዎች የሚጠግን መካኒክ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ እጆቹ ገመድ በመሳብ የሻከሩ። ከአራት ዓመት በፊት ቁጣውን ሊያስገራ ሲመጣ ክሩን ያስገባችለት ራሷ ትርሲት ናት። ያኔ ለምን እንደመጣ አልረሳችውም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ሩቂያን በንዴት ገፍትሯት ክንዷ ተሰብሮ ነበር።

«ክሩ ደክሟል» አላት ገና ሳይቀመጥ።

«ምን ሆነ?»

«ሐሙስ ዕለት እጄ ተነሣ።» ቀኝ እጁን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ጭኑ ላይ አሳረፈው። «ሩቂያ ላይ። አልመታኋትም፤ ወላሂ አልመታኋትም። አየር ላይ ቀረ። ግን አየችው። ልብሷን ጠቅልላ አክስቷ ቤት ሄደች። ክሩ ካልታደሰ አልመለስም ብላለች። እውነቷን ነው።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ጅቡቲ ሄጄ ልማር ብላ ሳትነግረኝ ተመዝግባለች። ብትነግረኝ እሺ እል ነበር።» ትንሽ አሰበና «እንጃ፣ ላልልም እችላለሁ» አለ።

ትርሲት የክር ማንበቢያውን ከጆሮው ኋላ አስጠጋች። ክር ያበረደው እያንዳንዱ ስሜት እንደ ትንሽ መስመር ይመዘገባል፤ የብዙ ሰው መዝገብ ሲከፈት ዝናብ ያገኘ ሣር ይመስላል። የኢድሪስ ግን ባዶ ነበር። አንድ መስመር እንኳ የለበትም። ከግርጌው «ያልነቃ» የሚል ቃል ብቻ ተጽፏል።

ማንበቢያው የተበላሸ መሰላትና ሌላ አመጣች። ያም ያንኑ አለ። ሦስተኛውን ከጎረቤት ክፍል ተውሳ ሞከረች። ክሩ ከገባበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ሠርቶ አያውቅም።

«ምነው?» አለ ኢድሪስ።

«ያልገባኝ ነገር አለ» አለችው። «ነገ ተመለስ። ከሩቂያ ጋር ብትመጣ ጥሩ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሥራ አቁማ መዝገብ ስታገላብጥ ዋለች። የኢድሪስ ክር ከወጣበት ሣጥን ስድሳ አንድ ክሮች ለስድሳ አንድ ሰዎች ገብተዋል። ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ክሮቹን በማሽኑ አንድ በአንድ ጠራቻቸው፤ አንዱም አልመለሰላትም። ሁሉም የተኙ ናቸው። ከባለቤቶቹ ውስጥ አሥራ ስምንቱ በወቅቱ «አልሠራልኝም» ብለው ተመልሰው ሌላ ክር ገብቶላቸዋል፤ ያኔ ነገሩን ከሣጥኑ ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም። ኢድሪስን ጨምሮ አርባ ሦስቱ ግን ያኔ ተመልሰው አልመጡም። አንዲት ሴት እንዲያውም «የድሮዋን እኔን ጎረቤቶቼ ረስተዋታል፤ እግዜር ይስጣችሁ» ብላ የጻፈችው ደብዳቤ መዝገቡ ውስጥ ተቀምጧል። ትርሲት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደስ ይበላት ወይስ ትፈር አላወቀችም።

የጠባይ ቤቱ ኃላፊ ዶክተር መርዕድ ነገሩን ቆሞ ሰማ፤ ከዚያ ተቀመጠ።

«ለሰውየው አትንገሪው» አላት።

«ለምን?»

«አራት ዓመት ሙሉ ምርኩዝ ይዣለሁ ብሎ ሄዷል። እጅህ ላይ ያለው ባዶ ነው ብትይው በማግሥቱ ይወድቃል። ሲወድቅ ደግሞ ልጅቷ ላይ ነው የሚወድቀው። የሚሠራ ክር አስገቢለትና ታደሰልህ በይው።»

«እንደዚያ ማለት እንደማልችል ያውቃሉ፣ ዶክተር።»

መርዕድ ዓይኑን ወደ ጆሮዋ ጣል አደረገ። የትርሲት ገሪ የገባው ለውሸት ነበር። በልጅነቷ ውሸት እንደ ትንፋሽ ይቀላት ነበር። ከኮሌጅ ከተባረረች በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ፈተናዋና ስለ ውጤቷ ለቤተሰቧ ስትተርክ ኖረች። አባቷ በምርቃቷ ቀን ከጭሮ ድረስ አበባ ይዞ መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ስሟ ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ፈርማ አልጋው ላይ የወጣችው። ይኸው ስድስት ዓመት ሆናት።

«እንግዲያው ዝም በይ» አላት መርዕድ በለሰለሰ ድምፅ። «ዝምታ ውሸት አይደለም። ክሩን አስገቢ፤ ሌላ አትናገሪ። ለልጅቷ ስትይ።»

የተናገረው ክፉ ነገር አልነበረም። ያስቸገራትም ይኸው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት መርዕድ ለስብሰባ ወጥቶ ሳለ ኢድሪስና ሩቂያ መጡ። ሩቂያ ከአባቷ ሁለት ወንበር ርቃ ተቀመጠች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ አባቷን ሊደርስበት ትንሽ ቀርቶታል። ትርሲት አዲሱን ክር አዘጋጅታ፣ እንደተመከረችው አፏን ዘግታ፣ ጓንቷን አጠለቀች።

«ደክሞ ነው፣ አይደል?» ሲል ኢድሪስ ጠየቃት። «እስኪ አንቺ ንገሪያት። ክሩ ደክሞ እንጂ አባትሽ ወደ ድሮው ተመልሶ አይደለም በያት።»

ትርሲት አፏን ከፈተች። «አይደለም» አለች። «ክሩ አልደከመም። ከመጀመሪያውም አልነቃም። ጥፋቱ የእኛ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ምንም አልሠራም።»



ኢድሪስ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «ትቀልጃለሽ? አለቃዬ በሰው ፊት ሲሰድበኝ ዝም ያልኩትስ? መኪናዬን የገጩብኝ ጊዜስ? ስንት ጊዜ ነው ጆሮዬን ነክቼ፣ አሁን ክሩ ያበርደዋል ብዬ የጠበቅኩት! ይበርድ ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«እና ሐሙስ እጄን የያዘው ማነው?»

 ትርሲትን የሚያስፈራት እሱ ነበር፤ ነገር ግን ከወንበሯ የተነሣችው ሩቂያ ናት።

«ስለዚህ የሚይዘው ነገር የለም ማለት ነው?» ድምፅዋ ቀጠነ። «እኔ እኮ ያን ክር አምኜ ነው የተኛሁት። አራት ዓመት በሬን ሳልቆልፍ!»

ኢድሪስ ይህን ሲሰማ የነበረው ንዴት ሁሉ ከላዩ ረገፈ። እጆቹን አየና ወደ ትርሲት ዞረ። «አስገቢው» አላት። «የሚሠራውን። በራሴ መቻሌ ለኔ ኩራት ይሆነኝ ይሆናል፤ ለእሷ ግን ምን ያደርግላታል? እንቅልፏ ይበልጥብኛል።»

ሊተኛ አልጋው ላይ ወጣ። ትርሲት አጎነበሰች። ክሩ በመቆንጠጫው ጫፍ ላይ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ ይታያል።

«ቆይ» አለች ሩቂያ።

ሁለቱም አዩዋት። እሷም ለምን እንደተናገረች የምታውቅ አትመስልም ነበር።

«ሐሙስ ዕለት ፊትህን አይቻለሁ» አለችው። «እጅህ ሲነሣ ሳይሆን ሲመለስ። ላብ አጥምቆህ ነበር። ያኔ ክር የያዘው ሰው እንዲህ ይሆናል እንዴ ብዬ ነበር።» ከንፈሯን ነከሰች። «አላውቅም፣ አባ። እፈራለሁ። ግን ዛሬ አይሁን።»

«ታዲያ እቤት ትመጫለሽ?»

«አልመጣም። አክስቴ ጋ ነኝ።» በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። «ዓርብ ግን ለምሳ እመጣለሁ። ስለ ጅቡቲም እናወራለን። ብትቆጣ እነሣና እሄዳለሁ።»

«እሺ» አለ ኢድሪስ። ትርሲት ክሩን በትንሽ ሣጥን አድርጋ ሰጠችው፤ በፈለገበት ቀን ይዞት እንዲመጣ። በመስኮት ስታያቸው ልጅቷ ከፊት፣ አባትየው አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ በጥላው ሥር ወደ ከዚራ ያቀኑ ነበር። ይታረቁ ይሆን ወይስ አይታረቁ፣ ከአካሄዳቸው ማወቅ አልቻለችም።

ትርሲት ግን አንድ ነገር እረፍት ነሣት። እውነቱን የተናገረው ማነው፤ እሷ ወይስ ክሯ? አርባ ሦስት ሰው ያለ ክር ራሱን ገርቷል። እሷስ? ምናልባት የእሷም ክር ተኝቶ ይሆናል። ምናልባት ስድስት ዓመት ሙሉ እውነተኛ የነበረችው ራሷ ትርሲት ትሆናለች። ይህን ስታስብ ልቧ እንደ ልጅ ዘለለ፤ የሥራ ባልደረባዋን ፈትያን ጠርታ አልጋው ላይ ወጣች።

«አንብቢልኝ» አለቻት።

ፈትያ አነበበች። መዝገቡ ሣር በሣር ነበር።

«የዛሬውን ንገሪኝ።»

«ዛሬ ዘጠኝ ጊዜ ሠርቷል። ደህና ነው፣ ምንም ብልሽት የለውም። ትልቁ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ኧረ እንዲህ ያለ ረጅም መስመር እኔም አይቼ አላውቅ!»

ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ከኢድሪስ ፊት ቆማ ነበር። ልትዋሽ ነበር ማለት ነው። «አዎ፣ ደክሞ ነው» ልትል፣ ቃሉ ጉሮሮዋ ደርሶ፣ ክሩ መለሰው። የነዚያን የአባትና የልጅ ነገር የገለበጠው እውነት ከእሷ አልወጣም። ወይስ ወጥቷል? ክሩን ራሷ መርጣ አስገብታው የለም? ከስድስት ዓመት በፊት የፈረመችው እጅ የማን ነበር? አልጋው ላይ እንደተኛች ጣሪያውን እያየች ይህን ስታወጣ ስታወርድ ጭንቅላቷ ዞረ።

«ፈትያ፣ አስተኚልኝ» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ክሩን።»

«አብደሻል? ለምን?»

«ያለ እሱ የሚቀረውን ማየት እፈልጋለሁ።»

ፈትያ ብዙ ተከራከረች። ትርሲት ወረቀቱን ወስዳ «የምለወጠው በራሴ ምርጫ ነው» ከሚለው ሥር ለሁለተኛ ጊዜ ፈረመች። ነገሩ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። አላመማትም። ስትነሣ ምንም የተለየ ነገር አልተሰማትም፤ በዚህም ግራ ተጋባች።

አሥር ሰዓት ላይ መርዕድ ከስብሰባ ተመለሰ። ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ክፍሏ ብቅ አለ።

«የጥላው መካኒክ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር።»

«ዝም አልሽ አይደል? አልነገርሽውም?»

ያን ጊዜ መጣ። ስድስት ዓመት የራቃት ውሸት፣ ሳይጠሩት የሚመጣ የድሮ ወዳጅ ይመስል፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣ። «አልነገርኩትም፤ ክሩን ቤቱ ሆኖ አስቦበት ሊመለስ ይዞት ሄዷል።» እንዴት ያምራል! ግማሹ እውነት ነው። ማንም አያውቅባትም። ምላሷ ጫፍ ላይ ሆኖ ጣፈጣት። የሚያበርደው ነገር ጠበቀች፤ የሚመጣ ነገር ግን አልነበረም። እጇ አልጋውን ጨበጠ፣ ጀርባዋን ላብ አጠመቀው፣ መርዕድም በሩን ተደግፎ መልስ ይጠብቃል።

«ነገርኩት» አለች።

በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት እውነት ተናግራለች፤ ድምፅዋ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ግን የመጀመሪያው ነበር።

መርዕድ የመጣበትን ነገር ረስቶ ቀረብ አላት። «ምን ሆነሻል? አሞሻል እንዴ?»

«አላውቅም» አለች ትርሲት።

ይህም እውነት ነበር።