አንድ ቅል ውኃ

ባቢከር የሙርሳልን ሞት ሲሰማ፣ ሙርሳል አፈር ከገባ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። በመንጌ አገር፣ በየካቲት ሐሩር፣ ሬሳ አይቆይም፤ ሃይማኖቱም አያስቆይም። ስለዚህ ለባቢከር የቀረለት ሟቹን ሳይሆን ገዳዩን ማየት ነበር። ገዳዩ ደግሞ ቤት ነው ተባለ።

«የሸኽ ማህጁብ አዲሱ የእንግዳ ቤት ተደርምሶበት ነው» አለ መልእክተኛው። «ምሰሶውን ቆርጦ ያመጣው ኻሚስ ታስሯል። ምስጥ የበላው እንጨት እያወቀ አቆመ ይላሉ። የሙርሳል ወንድሞች ዓርብ ከሶላት በኋላ ደሙን ይጠይቃሉ።»

«እኔን ማን አስጠራኝ?»

«ሻዕባን። ባቢከር አይቶ የተናገረውን ሁላችንም እንቀበላለን አለ።»

ባቢከር ሌላ አልጠየቀም። አህያውን ጭኖ ወጣ። በጉልምስናው ቤት ሠሪ ነበር፤ ከጣሪያ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ግን የወሰን፣ የቃጠሎና የፈረሰ ቤት ክርክር ሲነሣ የሚጠራው እሱ ነው። ዐይኑ አያልፈውም፤ ምላሱም ለማንም አይለሰልስም። የሚለሰልሰው ለሻዕባን ብቻ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሰው ፈንጋይ ፈረሰኞች መንደሩን ወርረው ሚስቱን ዓኢሻን ሲወስዱበት፣ አርባ ቀን ሙሉ ደጃፉ ላይ እያደረ እህል ያስቀመሰው ሻዕባን ነው። ወንድም ቢኖረው እንኳ ከዚህ በላይ አያደርግለትም ነበር።

ሻዕባን መንገድ ላይ ተቀበለው። ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ከዚያ አብረው ወደ ፍርስራሹ ሄዱ።

ቤቱ እንደ አገሩ ሥርዓት ምስጥና ጎርፍ እንዳያገኘው በትልልቅ ድንጋዮች ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። ወለሉ የሽመል ርብራብ ነው፤ ግድግዳውም ሽመል። ከርብራቡ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ዙሪያውን በድንጋይ ስለታጠረ ከውጭ ለሚያየው መሠረት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ስድስት ሰው ተጠጋግቶ ይተኛበታል። የፈረሰኞች አቧራ ከሩቅ ሲታይ ሴቶችና ልጆች የሚገቡት እዚያ ነው። በየቤቱ የትኛው ሽመል ሲነሣ መግቢያው እንደሚከፈት የሚያውቁት ባለቤቶቹና ሁለቱ ቤት ሠሪዎች፣ ሙርሳልና ሻዕባን፣ ብቻ ነበሩ።

«ይኸውልህ» አለ ሻዕባን ወደተሰበረው ምሰሶ እየጠቆመ። «እግሩን ምስጥ ጨርሶታል። ሙርሳል የመጨረሻዋን የሣር እስር ጫፉ ላይ ሊያስር ብቻውን ወጣ። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ፤ የቤቱን አናት የሚዘጋ ታላቁ ሠሪ ነው፣ ሌላው ከታች ቆሞ ያያል። እንደወጣ ሁሉም ነገር ከእሱ ጋር ወረደ። ወላሂ፣ አንገቱ ሲሰበር ሰማሁት።»

ባቢከር ተንበርክኮ ምሰሶውን በቢላዋ ፋቀው። ምስጡ ቅርፊቱን በልቶታል፤ ሥጋው ግን ቢላዋውን እንደ አጥንት መለሰው። ስብራቱም ሰንጥቆ የወጣ ነጭ ስንጥር ነው፤ ውስጡ የምስጥ አፈር የለበትም። ከዚያ ዞር ብሎ ወራጆቹን ተመለከተ። ወራጆቹ ወደ አራቱም አቅጣጫ ተበታትነዋል። ጫፋቸውን ምሰሶው አናት ላይ አንድ ላይ ይዘው የነበሩትን ሰባት የልጥ እስሮች ከሣሩ መሐል አንድ በአንድ ለቀማቸው። አንዱን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ያዘ።

«ምን አገኘህ?» አለ ሻዕባን።

«ምስጥ» አለ ባቢከር። ሥራው ሳያልቅ የልቡን ለማንም አይናገርም፤ ለወዳጁም ቢሆን።

ኻሚስን እጁ እንደታሰረ እህል ጎተራ ሥር አገኘው። ከሟቹ ጋር ገበያ መሐል ተሰዳድቦ እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«ተጣልተናል፣ አልክድም» አለ ኻሚስ። «እንጨት አሳጥረህ ቆረጥክ ብሎ አዋረደኝ። በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ምሰሶውን ማን መረጠው?»

«እሱ ራሱ! በመጥረቢያ ጀርባ ከላይ እስከ ታች መታው። ጥሩ ነው ብሎ በእጁ አቆመው። ባቢከር፣ አራት ሴት ልጆች አሉኝ። ዓርብ እኔ ከሞትኩ እነሱን ማን ይጠብቃቸዋል? ዘመኑን ታየው የለም እንዴ?»

ባቢከር ዘመኑን ያየዋል። ቃል ግን አልገባለትም፤ ባዶ ተስፋ መስጠት አይወድም።

የሟቹ ሚስት ዐዋጢፍ በሐዘን ላይ ስለሆነች ከመጋረጃ ወዲያ ሆና አነጋገረችው።

«ቤቱ በወደቀበት ዋዜማ ወደ ሥራው ቦታ ማን ምን ይዞ ሄደ?» አላት።

«እኔ ምግብ አደረስኩ፤ ሌላ ምንም። ወንዙ ደርቆ ውኃ የምንቀዳው ግማሽ ቀን ሄደን ነው፤ ለሠራተኛ የሚጠጣው እንኳ በልክ ነው። ሻዕባን ብቻ ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሊደርስ ሲል መጥቶ አንድ ትልቅ ቅል ውኃ ለመነኝ። ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ ነው አለኝ። ለሶላት የተጠየቀ ውኃ እንዴት ይከለከላል? ሰጠሁት።»

«ደግ አደረግሽ» አለ ባቢከር። 

ሬሳውን ያጠበው ጁምዓ የሥራ ባልደረባቸውም ነበር። ባቢከር ስለ ሬሳው ጠየቀው፤ አንገቱ ተሰብሯል እንጂ ሌላ ቁስል አልነበረበትም። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «በዋዜማው ዐስርን የት ሰገዳችሁ?» አለው።

«እዚያው፣ ከቤቱ ጥላ ሥር። ሻዕባን ነው ያሰገደን።»

«ውዱእስ?»

ጁምዓ ሳቀ። «ውዱእ? በየካቲት? አሥር ቀን ሙሉ በአፈር ነው ተየሙም ያደረግነው። ሻዕባንም ከጎኔ መዳፉን መሬት መትቶ ፊቱን ሲያብስ አይቼዋለሁ።»

ባቢከር ወደ እንግዳ ማደሪያው ተመለሰ። ከቋጠሮው ያወጣውን ልጥ ጣቱ ላይ ሲጠቀልል፣ ሲፈታ ዋለ። ሌላ ምክንያት ፈለገ። ሻዕባን ውኃውን ጠጥቶት ይሆን? አንድ ሰው ያን ሁሉ? ለአህያ ሰጥቶት ይሆን? ሻዕባን አህያ የለውም። ከሕይወቱ ሁሉ መሳሳት የተመኘው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓርብ ማለዳ ወደ ዐዋጢፍ ተመለሰ። «እኅቴ፣ ሁሉን አልነገርሽኝም። ሙርሳል ከመሞቱ በፊት ከሻዕባን ጋር ምን ነበራቸው?»



«ነገሩ አንተን የሚመለከት ስለሆነ ነው የፈራሁት» አለች። የነገረችውን ሰምቶ ሲወጣ፣ በታመመው እግሩ ሳይሆን በደህናው ማንከስ ጀመረ።

ከዓርብ ሶላት በኋላ መንደሩ ከሮቃው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ሸኽ ማህጁብ መሐል ተቀመጡ፤ ባቢከርን በቀኛቸው፣ በዳኛ ቦታ አስቀመጡት። በአንድ ወገን ከሳሾቹ፣ ለፍርዱ ስትል ከሐዘን ቤት የወጣችው ዐዋጢፍና የሙርሳል ወንድሞች፤ ፊት ለፊታቸው የታሰረው ኻሚስ። ሻዕባን ከጁምዓ ጋር ቆሟል።

«ተናገር» አሉት ሸኹ። «ቤቱን ምን ጣለው?»

«ምስጥ አልጣለውም» አለ ባቢከር። «ምስጡ የበላው ቅርፊት ነው። የፈለገ ሄዶ ይፋቀው። ደግሞም ምሰሶ ቀድሞ ቢሰበር ጣሪያው እንደታሰረ፣ እንደ ቆብ ነው ቁጭ የሚለው። ይህኛው ግን ወራጆቹ ተበትነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የለቀቀው አናቱ ላይ ያለው እስር ነው። ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ሲናድ ምሰሶውን ጎትቶ ሰበረው።»

«እስር ይበጠሳል» አለ ከሙርሳል ወንድሞች አንዱ።

ባቢከር ልጡን ከፍ አድርጎ አሳየ። «ጫፉን ተመልከቱ። አልተበጠሰም። በቢላዋም አልተቆረጠም። ሰባቱም እንደዚሁ ናቸው። ተፈትተዋል።» ከዚያ ወደ ሻዕባን ዞረ። «ሻዕባን፣ የዚያ ቤት ግድግዳ ቆሟል። ሂድና አንድ ቋጠሮ ፍታልኝ።»

«የሃያ ቀን ልጥ በጣት አይፈታም» አለ ሻዕባን።

«ለምን?»

«ታውቀዋለህ። ልጥ እርጥብ ሆኖ ይታሰራል፤ ሲደርቅ ይጨብጣል።»

«እንዲፈታ ምን ያስፈልጋል?»

 ኻሚስ ከታሰረበት ጮኸ፤ «ውኃ! አንድ ሌሊት ካረሰረሱት እንደ ቅቤ ይለሰልሳል!»

«ውኃ» አለ ባቢከር። «ከኅዳር ወዲህ ጠብታ ዝናብ አላየንም። ታዲያ እነዚህ ልጦች እንደገና ርሰው እንደገና ደርቀዋል፤ ይኸው ተጨማድደዋል፣ የጣሪያው አቧራም ታጥቦ ወርዷል። እዚያ ላይ ውኃ የወጣው በሰው እጅ ነው። ሌሊቱን ያረሰረሳቸው ሰው ቋጠሯቸውን አላልቶ፣ ክብደት ሲያርፍባቸው እንዲፈቱ አድርጎ ተዋቸው፤ ንጋት ላይ ብቻውን የሚወጣው ሙርሳል መሆኑን ያውቃል። አሁን አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሻዕባን፣ ከዐዋጢፍ የወሰድከውን ውኃ ምን አደረግከው?»

«ለዐስር ውዱእ አደረግኩበት።»

ጁምዓ ከጎኑ ፈቀቅ አለ። «ምን ማለትህ ነው? በአፈር አብረን አይደል ተየሙም ያደረግነው? አንተው አይደለህ ያሰገድከን?»

ሸኽ ማህጁብ ቀስ ብለው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ውኃ በእጁ ያለ ሰው በአፈር አይነጻም፤ ሶላቱም አይሆንለትም። ወይ ያን ቀን በሐሰት አሰግደሃል፣ ወይ አሁን ዋሽተሃል። የትኛው ነው ልጄ?»

ሻዕባን ከጁምዓም ከሸኹም ዐይኑን አሸሸ። 

«ምክንያቱን እኔ ልናገር» አለ ባቢከር። «ከሦስት ዓመት በፊት ከቤቴ ወለል ሥር ከዓኢሻ ጋር ከተወሰዱት ሴቶች አንዷ፣ ማሪያም፣ አምልጣ ተመልሳለች። ሙርሳል ቶንጎ ገበያ አገኛት። ማን ይናገር የነበረ እንዲሉ፣ የነገረችው ይህን ነው፦ ፈረሰኞቹ ቤቴ ሲገቡ አንድ ድንጋይ እንኳ አልገለበጡም። ቀጥ ብለው ሄደው ሦስተኛውን ሽመል አነሡ። ያን ሽመል ከእኛ በቀር የሚያውቁ ሁለት ቤት ሠሪዎች ናቸው። ሙርሳል ራሱ እንዳልተናገረ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሻዕባንን፣ ‹ለባቢከር ራስህ ንገረው፤ ቤቱ እስኪያልቅ እታገስሃለሁ፤ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ› አለው። ቤቱ ሊያልቅ አንዲት የሣር እስር ቀረች።»

ዐዋጢፍ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሻዕባን አፈር ላይ ተቀመጠ።

«ልጄን ይዘዋት ነበር» አለ። «ሰዕዲያን፣ መንገድ ላይ። ኮርቻ ላይ አስረዋት አየኋት። የተደበቁበትን አሳየንና እንልቀቃት አሉኝ። አንተ አባት አይደለህም ባቢከር፣ አታውቀውም።»

«ያን ቀን ብትነግረኝ» አለ ባቢከር፣ «አልቅሼ፣ ረግሜህ፣ ምናልባት አንድ ቀን ይቅር እልህ ነበር። የልጅ ነገር ነው። አንተ ግን አርባ ቀን ደጄ ላይ አደርክ። በእጅህ አጎረስከኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወዴት ወስደዋት ይሆን እያልኩ ስጠይቅህ አብረኸኝ ገመትክ። ከዚያ ሙርሳልን ገደልክ፤ ኻሚስን ልታስገድለው ነበር። ለዚያም እኔን ጠራኸኝ። እንደማምንህ ስለምታውቅ!»

ሸኽ ማህጁብ የኻሚስን እጅ እንዲለቁት በዐይናቸው ጠቀሱ። ከሳሾቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ባቢከር ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር፤ ለፍርዱ አያስፈልግም፣ እሱ ግን ሳይሰማ ማደር አይችልም።

«ሽመሉን ሲያነሡት እዚያ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ዓኢሻ አየችህ?»

ሻዕባን ቀና ብሎ አላየውም። «መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ‹ሻዕባን፣ ልታወጣን መጣህ?› አለችኝ።»

«ምን መለስክላት?»

«ምንም።»

 ሸኹ፣ «ባቢከር፣ ፍርዱን ስጥ» አሉት።

ባቢከር ከዳኛው ቦታ ተነሣ። «ፍርዱን ሌላ ሰው ይስጥ፣ ሸኽ። እኔ ከሳሽ ነኝ» አለ። እያነከሰ መሐሉን አቋርጦ ሄደና ከከሳሾቹ ወገን፣ ከዐዋጢፍ አጠገብ፣ አፈሩ ላይ ተቀመጠ።