የእታለም ትከሻና የዳኘ ጠመንጃ

«የሴት ትከሻ ለጠመንጃ አይሆንም።» ይህን የባሏ ታላቅ ወንድም ዳኘ ከተናገረ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ እታለምን ግን ትናንት የተባለች ያህል ይቆጠቁጣታል። ያኔ ጊቤ ቆላ ያለው የበቆሎ ማሳቸው ውስጥ ከርከሮ ገብቶ አብረው ወርደው ነበር። እሷ ተኩሳ ሳተች። ጠመንጃው ገፍትሮ በጀርባዋ ጣላት፤ ከርከሮው ዞሮ የዳኘን ባት ቀደደው። ይኸው እስከ ዛሬ ያነክሳል።

«ጠመንጃው ነው ያሳተኝ!» አለች ላገኘችው ሁሉ። አሥራ አንድ ዓመት ይህንኑ።

ዘንድሮ ከርከሮው ተመለሰ። በቆሎው ካለቀ ቤቱ የሚበላው የለም። «እኔ እተኩሳለሁ» ብላ ድርቅ አለች።

«የቀረችኝን እግር ልታስበይ?» አላት ዳኘ።

ጠመንጃውን ሞርሲቶ ገበያ ወስዳ በእህል ነጋዴ ሚዛን አስመዘነችው። ሦስት ኪሎ አልሞላም። ያንኑ ዓይነት ጥይት የሚተኩሰው የጎረቤት ጠመንጃ ግን አራት ተኩል ሆነ። ጥይት ሲወጣ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ጥጃንና በሬን እኩል ብትገፋቸው የሚወድቀው ጥጃው ነው። ለካ ዳኘ ዳገት ላይ እንዳይከብደው ብሎ ሰደፉን ልጎ ልጎ ዱላ አሳክሎታል! ንዴቷ አገረሸ። ሰደፉን ቦርቡራ እርሳስ ጠቀጠቀችበት፤ ጫፉ ላይ የመኪና ከመነዳሪ ጎማ ደራርባ ቸነከረች። ትከሻዋ ላይ አጣብቃ መያዝም ተለማመደች። ላላ ካለ እንደ ቡጢ ይመታል፤ ከተጣበቀ ይገፋል እንጂ አይመታም።

ጎህ ሲቀድ ዳኘ እያጉረመረመ ተከትሏት ወረዱ። ዝናቡ ቁልቁለቱን አሟልጮታል፤ ሁለቴ ተንሸራታ በክርኗ ተነሣች። ወንዙ ሞልቶ ደረት ደረሰ። በአንድ እጇ ጠመንጃውን ከራሷ በላይ ይዛ፣ በሌላው ዳኘን በቀበቶው ጎትታ አሻገረችው።

«ይህን ድንጋይ ምን አሸከመሽ?» አለ ጠመንጃውን በእጁ እየመዘነ፣ እያለከለከ።

«የእርስዎ ቢላ የበላውን ነው የመለስኩት፣ ጋሼ።»

ማሳው ዳር ሲደርሱ በቆሎው ተንኮሻኮሸ። አውራው ከርከሮ ጅራቱን ቀስሮ በዳኘ ላይ መጣ። ዳኘ መሮጥ አይችልም።

«እታለም!»

ሰደፉን አጣበቀች። ዓይኗ ሊከደን ሲል ታገለችው። ተኮሰች። ትከሻዋን ገፋ አደረጋት፤ በቃ፣ ያ ብቻ። ከርከሮው ሦስት እርምጃ ሲቀረው በግንባሩ ተደፋ።

ዳኘ ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ ለካ። ሰደፉን ባልልገው ያኔም አትስቺም ነበር። ይቅር በይኝ። እሑድ በሰው ፊት እናገረዋለሁ።»

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። ፊቷ ግን በእፍረት ጋለ። ያኔ የሳተችው የጠመንጃው ርግጫ ሳይነካት ነበር። ይመታኛል ብላ ፈርታ፣ ቃታውን ሳትስብ ዓይኗን ጨፍናለች። ይህን ከእሷና ከአምላኳ በቀር የሚያውቅ የለም። «እሺ» አለች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በምስክርነት ሰዓት ዳኘ ወንበሩን ተደግፎ ሊነሣ ሲል እታለም ቀደመችው።

«ቁጭ ይበሉ ጋሼ። የእርስዎ አይደለም፣ የኔ ነው።» ወደ ምእመኑ ዞረች። «ጠመንጃው ጥሎኛል፤ አልጣለኝም አልልም። ግን ሳልተኩስ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። የዚህን ሰው እግር ያስቀደድኩት እኔ ነኝ። እናንተንም አሥራ አንድ ዓመት ዋሸኋችሁ።»

ሃሌሉያ ሊል አፉን የከፈተው ሁሉ እንደከፈተ ቀረ። ባሏ እንድትቀመጥ ቀሚሷን ይዞ ጎተታት። እታለም አልተቀመጠችም፤ ሁሉም በደንብ እስኪያያት ቆመች።