የምድር ቤቱ ውሃ

ጋሽ በዛብህ የሞቱት ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ነው። በ2005 ዓ.ም. ግንቦት፣ አንድ ረቡዕ ማለዳ፣ በቤታቸው ምድር ቤት ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። የአምፖሉ ሽቦ አጠገባቸው ውሃው ውስጥ ወድቋል። ቆጣሪውን አጥፍቶ የገባው ፖሊስ «ኤሌክትሪክ ነው» አለ፤ ሰፈሩ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው «የታጁ ሥራ ነው» ብሎ ፈረደ። ሽቦውን የዘረጋው ታጁ ነዋ!

ታጁ የሚያፈስ ጣሪያና የሚያልብ ግድግዳ በማዳን አቃቂ ውስጥ ስም ያወጣ ግንበኛ ነው። ጋሽ በዛብህ፣ ዕድሜያቸውን በባቡር ጥገና የጨረሱ ጡረተኛ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚረጥበውን ምድር ቤት አድሰው ለልጃቸው ለዕፀገነት የልብስ ስፌት ቤት ሊያደርጉላት ቆርጠው ነበር። «መጀመሪያ ውሃውን እናስቁም፤ ቀለሙ ኋላ ይደርሳል» ብሎ የመከራቸው ታጁ ነው። ዝናቡ ሳይጠና ሥራው ተጀመረ። ይኸው አሁን አሠሪው ወደ አስከሬን ምርመራ፣ ሠራተኛው ወደ እስር ቤት ሄዱ።

ኢንስፔክተር አሰጋሽ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ባልደረቦቿ «የእሷን ወንበር እንሽጠው፤ አዲስ ነው» እያሉ ይቀልዱባታል። ያን ቀን ደግሞ ብሶባት፣ በጣቢያው አዛዥ በኮማንደር ፈየራ ቢሮ ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ትመላለሳለች።

«ነገሩ እኮ ያለቀ ነው» አሉ ኮማንደሩ። «ሌሊት ዘነበ፤ ከመሬት ውሃ ገባ፤ በደንብ ያልታሰረ ሽቦ ወደቀ፤ ሰው ሞተ። በቸልተኝነት ሰው መግደል ይባላል። ነገ ጠዋት ግንበኛውን ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

«እስከ ማታ ይስጡኝ።»

«ምን ልታገኚ?»

«የሱሪያቸው ነገር አልዋጥልኝ አለ። ጫማቸው አልጋቸው ሥር ነው፤ ካልሲያቸው እንኳ ከጫማው ውስጥ አልወጣም። ሰውየው ከአልጋ ተነስተው ሱሪ ለበሱ፣ ጠቀለሉት፣ ጫማቸውን ትተው በባዶ እግራቸው ወረዱ። ምድር ቤቱ ውሃ መሙላቱን ገና መኝታ ቤት ሳሉ ያውቁ ነበር ማለት ነው። የነገራቸው ሰው አለ። ያ ሰው እስካሁን ‹እኔ ነኝ› አላለም።»

ኮማንደሩ ሰዓታቸውን አዩ። «እስከ ማታ» አሉ።

በጣቢያው በር ላይ የታጁ ሚስት ዙለይኻ ቆማለች። ወሯ የገባ እርጉዝ ናት፤ የስንቅ ዕቃውን በሁለት እጇ ይዛለች። ዘበኛው ድንጋይ ላይ እንድትቀመጥ ቢለምናት «እሱ ሲወጣ እቀመጣለሁ» ብላ እንቢ ብላለች። አሰጋሽን ስታይ ወደ ፊት ተራመደች።

«ልጁ ሳይወለድ ይወጣልኛል? እውነቱን ይንገሩኝ፤ እችለዋለሁ።»

አሰጋሽ ባዶ ተስፋ መስጠት ግን አልወደደችም። «ማታ እነግርሻለሁ» አለቻትና ወደ ታጁ ገባች።

«ሽቦውን ከጭንቅላቴ በላይ፣ ሚስማር ላይ ሁለቴ አዙሬ ነው ያሰርኩት፤ ወላሂ!» አለ ታጁ።

«ውሃውስ?»

«እኔንም ያልገባኝ እሱ ነው። ትናንት ገና ውሃው በየት እንደሚመጣ እየፈተንኩ ነበር። በአራቱ ግድግዳና በወለሉ ላይ ውስጡን የሚያሳይ ቁራጭ ላስቲክ ለጥፌ፣ ጠርዙን ዙሪያውን በሬንጅ አሸግኩት። ከግድግዳው ወይም ከወለሉ ውሃ ከመጣ ላስቲኩ በሥሩ በኩል ያልባል። በሥሩ ደረቅ ከሆነ ውሃው ከሌላ ቦታ ነው።»

«ከዚያስ ምን ልትሠራ ነበር?»

«ሐሙስ ከውጭ በኩል ቤቱን ዙሪያውን ቦይ ቆፍረን ጠጠር ልንሞላ ነበር። በአራቱም ጎን ችካል ተክዬ ሲባጎ ወጥሬያለሁ። ጋሽ በዛብህ ‹ሐሙስ ሩቅ ነው› ብለው ዶማ ሲያነሱ ነው ትቻቸው የወጣሁት። ያ ምድር ቤት እኮ አላስቀምጥ ብሏቸው ነበር።»

ግቢው ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። አሰጋሽ ስትደርስ ድንኳን ተተክሏል፤ ለቀስተኛው ገብቷል። የጋሽ በዛብህ የእህት ልጅ ዘካሪያስ ድንኳኑ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። እናቱ ስትሞት ገና ሕፃን ነበር፤ ያሳደጉት አጎቱ ናቸው። የሚኖረው በጓሮው ሰርቪስ ቤት ሲሆን ቂሊንጦ በሚሠራ አንድ ፋብሪካ ንብረት ጠባቂ ነው። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ያገኘሃቸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ሲነጋ ስወጣ የምድር ቤቱ በር ክፍት ነው። ከደረጃው ላይ ሆኜ አየኋቸው፤ እየጮህኩ ወጣሁ።»

«ውሃው ውስጥ አልገባህም?»

«ፈራሁ።»

«ሌሊት የሰማኸው ነገር አለ?»

«ዝናብ ነበር። ተኝቻለሁ።»

«ካገኘሃቸው በኋላ የነካኸው ዕቃ ይኖራል?»

«እንኳን ዕቃ ልነካ፣ ቧንቧ ከፍቼ ፊቴን አልታጠብኩም» አለና እንባው መጣ። አሰጋሽ ትከሻውን ነካ አድርጋው አለፈች። ልጁ ያዘነ ይመስላል፤ በእርግጥም አዝኖ ነበር።

ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ጫማዋን አወለቀች፣ ሱሪዋን ጠቀለለችና ባትሪ ይዛ ገባች። ሚስማሩ ታጁ እንዳለው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ አልጎበጠም፣ አልተነቀለም። ላስቲኮቹን አንድ በአንድ አየች። የሦስቱ ግድግዳዎች በሥራቸው ደረቅ ናቸው፤ የኋላው ብቻ የላብ ነጥብ የምታህል ጠብታ ይዟል። ጎንበስ ብላ ውሃው ውስጥ ያለውን የወለሉን ላስቲክ በባትሪ አበራችበት። በሥሩ አንዲት ጠብታ አይታይም፤ ሲሚንቶው እንደ አቧራ ደረቅ ነው።

ቀጥላ ውሃውን በእፍኟ አፈሰችው። የአቃቂ መሬት ጥቁር አፈር ነው፤ በእሱ ውስጥ አልፎ የመጣ ውሃ ጭቃ እንጂ ውሃ አይመስልም። ይህኛው ግን የእግሯን ጣቶች ያሳያል። አሸተተችው፤ የቧንቧ ውሃ መድኃኒት ይሸታል። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

ግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ እግሯን ልትታጠብ ቧንቧውን ብትከፍት አየር ብቻ አስነጠሰ። ዕፀገነት በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ከአጠገቡ ቆማ ነበር። ቀብሩ እስኪወሰን ድንኳን ውስጥ መቀመጥ አቅቷት ነው የወጣችው።

«ባዶ ነው እንዴ?» አለች ዕፀገነት ደንግጣ። «ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ትናንት ማክሰኞ ተራችን ነበር። ጢም ብሎ ሲፈስ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«ዛሬ ከእሱ የቀዳ ሰው አለ?»

«የለም። ሴቶቹ የሚጠቀሙት እዚያ በተደረደሩት ጀሪካኖች ነው።»

«ከአባትሽ ጋር ትናንት ተጨቃጭቃችኋል ይባላል።»

«ተቆጣሁት» አለች ዕፀገነት። «‹በዚህ ዕድሜህ ከሲሚንቶ ጋር ምን ያታግልሃል?› አልኩት። ‹ለማን ብዬ መሰለሽ?› አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ሄድኩ፤ አሁን ለማን ልመልስለት?»

አሰጋሽ ከግቢው ወጥታ ወደ መንገድ ዳሩ ሱቅ ሄደች። ሱቁን የተከራየው ሀይረዲን ምድር ቤቱን በመጋዘንነት ይጠቀምበት ነበር፤ ለእድሳቱ ሲባል ልቀቅ ተብሏል።

«ቅር ብሎዎት ነበር አይደል አቶ ሀይረዲን?»

«እንዴታ! ሁለት ክረምት ስኳሬን ያረጠበ ቤት ሊታደስ ነው ሲባል ደስ አለኝ፤ ሲታደስ ደግሞ ‹ውጣ› ተባልኩ። ተቀየምኩ፤ ግን ለዚህ ሰው አይገደልም።» ከዚያ ወደ ድንኳኑ በአገጩ አመለከተ። «ያ የእህታቸው ልጅ ብርቱ ነው። ማለዳ ሱቄን ስከፍት፣ ገና ፖሊስ ሳይመጣ፣ ጋሪ ሙሉ ጀሪካን ውሃ አስጭኖ ሲገባ አየሁት። ‹ለቀስተኛ ይመጣል፣ ውሃ ያስፈልጋል› አለኝ። በዚያ ድንጋጤ መሃል ይህን የሚያስብ ስንት ሰው አለ?»

«ማንም የለም» አለች አሰጋሽ፤ ፊቷ ግን ተለዋወጠ።

የቀራት የቤቱ ዙሪያ ብቻ ነበር። በሦስቱ ጎን የታጁ ችካሎች ከነሲባጎአቸው ቆመዋል። በጓሮው በኩል ግን የሉም፤ ቆርቆሮ ተነጥፏል። ቆርቆሮውን ገለጥ አድርጋ በሥሩ አዲስ የተደፈነ አፈር አየችና ወደ ኮማንደሩ ደወለች። «ታጁን ይዘው ይምጡ» አለች። «ሁለት ፖሊስና ዶማም ይጨምሩ።»

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሁሉም ምድር ቤቱ ውስጥ ቆሙ። ውሃው ተቀድቶ ወጥቷል። ኮማንደር ፈየራ፣ ዕፀገነት፣ ሀይረዲን፣ ዘካሪያስ፣ ካቴና እጁ ላይ ያለ ታጁ። አሰጋሽ ብቻ ከግድግዳ ግድግዳ ትዞራለች።

«ከውሃው እንጀምር» አለች። «ሁላችንም ከመሬት መጣ አልን። ነገር ግን ጋሽ በዛብህ ከመሞታቸው በፊት ይህ ግድግዳ ተፈትኗል። ላስቲኮቹ በሥራቸው ደረቅ ናቸው፤ የኋላው ትንሽ አልቧል፣ ላብ ግን ቤት አይሞላም። ወለሉም በላስቲኩ ሥር ደረቅ ነው። ውሃው ጥርት ያለ የቧንቧ ውሃ ነበር። ስለዚህ ሰው ነው ያስገባው።»

«ቧንቧ ፈንድቶስ ከሆነ?» አሉ ኮማንደሩ።

«ውሃ የመጣው ማክሰኞ ቀን ነው፤ ሌሊት መስመሩ ደረቅ ነበር። ዕፀገነት ሞልታ የዘጋችው ሮቶ ግን ዛሬ ባዶ ነው። ሮቶው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ምድር ቤቱ ዝቅ ያለ። ከሮቶው አንድ የውሃ ጎማ በምድር ቤቱ መስኮት ማስገባት ይበቃል፤ የዝናቡ ድምፅ የውሃውን ይሸፍናል። ከዚያ ሽቦው ከሚስማሩ ወረደ። ሚስማሩ እንዳለ ነው፤ ሽቦው ወድቆ አይደለም፣ ተፈትቶ ነው። በመጨረሻም አንድ ሰው ጋሽ በዛብህን ‹ምድር ቤቱ ውሃ ሞላ!› ብሎ ቀሰቀሳቸው። ለዚያ ቤት ምን ያህል እንደሚሳሱ ያውቃል። ጫማቸውን እንኳ ሳያደርጉ ሮጡ።»

«ማን?» አለች ዕፀገነት።

«ሮቶው ባዶ መሆኑን ማንም ሳይከፍተው ያወቀ ሰው።» አሰጋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆም አለች። «ዘካሪያስ፣ ዛሬ ቧንቧ ከፍተህ ፊትህን እንኳ እንዳልታጠብክ ነግረኸኛል። ትናንት ጢም ብሎ የሞላ ሮቶ ግቢህ ውስጥ እያለ፣ ሳትነካው፣ ፖሊስም ሳይመጣ በጋሪ ውሃ ያስመጣኸው ለምንድን ነው? ለቀስተኛ መጥቶ ቧንቧውን ሲከፍት፣ ‹ውሃው የት ሄደ?› የሚል እንዳይኖር አይደለም?»

ዘካሪያስ ከንፈሩን ነከሰ። «ለሰው ባሰብኩ…»

«ይህን ለምን እንዳደረግክም ጓሮው ነግሮናል።» ሁለት ፖሊሶች ጭቃ የለበሰ ጆንያ ጎትተው ደረጃው ሥር ጣሉት። የተቆራረጠ ወፍራም የመዳብ ገመድ ዘረገፈ። «ከምትጠብቀው ፋብሪካ የወጣ ነው። የቀበርክበት ቦታ የታጁ ቦይ የሚያልፍበት ነው። ጋሽ በዛብህ ሐሙስን መጠበቅ አቅቷቸው ትናንት ራሳቸው ቆፍረው አገኙት። አንተ ደግሞ መልሰህ ደፍነህ፣ ችካሉን ነቅለህ፣ ቆርቆሮ አነጠፍክበት። ጆንያውን ለማውጣት ግን ጊዜ አላገኘህም፤ ለቀስተኛው ግቢውን ሞላው።»

ሀይረዲን «ያ አላህ!» ብሎ ግድግዳውን ያዘ።

«አጎቴ አልጮኸብኝም» አለ ዘካሪያስ። «ቢጮህብኝ ይሻል ነበር። ‹እኔ ከባቡር አንዲት ብሎን ቤቴ አስገብቼ አላውቅም› አለኝ። ‹እስከ ጠዋት ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፤ በራስህ እግር ሄደህ ተናገር፤ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ።› ያኔውኑ ቢያስይዘኝ ኖሮ…»

ሊጨርሰው አልቻለም። ዕፀገነት ጨረሰችለት። «በሕይወት ይኖር ነበር» አለች። አልጮኸችም፣ አልሰደበችውም፤ ይህ ለዘካሪያስ ከካቴናው ይልቅ ከበደው። ካቴናው ከታጁ እጅ ወጥቶ ወደ እሱ እጅ ገባ።

ሲመሽ ታጁ ከጣቢያው በር ወጣ። ዙለይኻ አሁንም እንደቆመች ነበር። ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ባዶ እጆቹን ይዛ ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ እንቢ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አሰጋሽም አጠገቧ ቁጭ አለች። ዘበኛው ዓይኑን ማመን አቅቶት ለጓደኛው ጠቆመው።

ታጁ የቀዘቀዘውን ስንቅ ከፍቶ አንድ ጉርሻ ለሚስቱ አጎረሰ፤ እሱ ግን አልበላም።

«ነገ ሐሙስ ነው» አለ። «ለጋሽ በዛብህ ልቆፍርላቸው የተቀጣጠርነው ቀን።»

«ነገ እኮ ቀብራቸው ነው ታጁ» አለችው አሰጋሽ በቀስታ።

«አውቃለሁ» አለ ታጁ። «መጀመሪያ መቃብራቸውን ነው የምቆፍረው። ከእድሩ ሰዎች ጋር ጠዋት እሄዳለሁ። ቦዩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»