ስለ ግዴታው ያልጠየቀው ሻምበል

ኮሎኔሏ እጃቸውን ታጥበው ጓንት አጥልቀዋል። ከእንግዲህ የገዛ ኪሳቸውን እንኳ መንካት አይችሉም።

ሻምበሉ የሚጠብቀው ይህን ነበር።

ከኋላቸው ቆሞ የቀዶ ጥገና ጋዋናቸውን ሲያስር፣ ሁለት ጣቱን ወደ ኪሳቸው ሰደደ። የልብስ ሳጥናቸው ቁልፍ ወጣ።

«አጥብቀህ እሰር እንጂ» አሉ ሳይዞሩ። «እንደ ሙሽራ ታሽሞነሙነኛለህ።»

ነርሷ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ የሱ ሳቅ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ለሠራዊቱ የማደንዘዣ ሐኪም ነው። ለስለላው ክፍል ደግሞ «ጥጥ» ነው። መኮንን ሆኖ ሕክምና እንዲማር የላኩት ለሽፋን ብለው ነበር። ክፋቱ፣ ሙያውን ወደደው። እዚህ ከመጣ ወዲህ በሥራ ላይ ያሠለጠኑት ደግሞ ወታደሩ በሌሉበት «እትዬ መቀስ» የሚላቸው እኚሁ ኮሎኔል ናቸው።

ቁስለኛ የጫኑ አምቡላንሶች መንገድ ላይ እየተመቱ ነው። መንገዱን ለጠላት የሚነግር ሰው አለ። «እሷ ናት» ብሎታል የስለላ አለቃው፣ በምስጢር ስሙ «አጎት»። «ድብቅ ስልክ አላት። አምጣልኝ።»

ሻምበሉ መድኃኒት ላምጣ ብሎ የተኛውን በሽተኛ ለባልደረባው ትቶ ወጣ። ያስተኙትን ሰው ጥሎ መሄድ ነውር እንደሆነ መጀመሪያ ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ። እያፈረ የልብስ ሳጥናቸውን ከፈተ። ስልኩ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሏል። የተደወለበት ቁጥር አንድ ብቻ ነው።

ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል።

የአጎት ነው።

ኮሎኔሏ መንገዱን አልሸጡም። ከዚያ ቁጥር የመጣው መልእክት «አምቡላንሶቹን እንድንጠብቅልሽ መንገዱን ንገሪን» ይላል፤ አምነው ለአጎት ሲነግሩ ኖረዋል። ሻጩ አጎት ራሱ ነው። አሁን ጣጣውን እሳቸው ላይ ሊደፈድፍ ነው።

ሲም ካርዱን አውጥቶ ጫማው ውስጥ ደበቀ።

አጎት ራጅ ክፍሉ በር ላይ፣ እጁን በጀሶ ጠቅልሎ እንደ ታካሚ ተቀምጧል።

«ያሳክካል?» አለው ሻምበሉ።

«ጥጥ ቢኖር ይሻለው ነበር።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

«ዛሬ ቁስለኛ ይወጣል?»

«ከሰዓት በኋላ። በታችኛው ድልድይ።»

ውሸት ነው። የታዘዘው በላይኛው መንገድ ነበር።

«ጎበዝ» አለ አጎት፣ በደህና እጁ ትከሻውን ቸብ አድርጎ። «እሷን ማታ እናነሳታለን።»

ሻምበሉ በቀጥታ ለወታደራዊ ፖሊሱ አዛዥ ደውሎ ያገኘውን ነገረው። አዛዡ ድልድዩ ጋ ሰው ሊያደፍጥ ተስማማ።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለው።

«ለኮሎኔሏም?»

«ለማንም።»

ቀዶ ጥገናው አልቆ ጋዋናቸውን ሲፈታ ቁልፉን ወደ ኪሳቸው መለሰ። አፉ ከጆሯቸው አጠገብ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ትንፍሽ አላለም።

ከሰዓት በኋላ፣ አምቡላንሱ ላይ የተጫነው ቁስለኛ ገና ሳይነሱ ደሙ አልቆም አለ። ኮሎኔሏ አብረውት ተሳፈሩ። ሻምበሉ ሌላ በሽተኛ አጠገብ ሆኖ ሳይረኑን ሰማ። ደም ሲፈስ ሐኪም የሚመርጠው አጭሩን መንገድ ነው፤ አጭሩ ደግሞ በታችኛው ድልድይ ነው። ይህን እሱም ያውቃል። ያን ቀን ግን ሐኪምነቱን ረስቶ ሰላይነቱን ብቻ ይዞ ውሏል።

ሳይረኑ ታጠፈ።

ወደ ታች።

የራሱን ስልክ አወጣ። ደወለ። ኮሎኔሏ አላነሱም።

የድልድዩ ተኩስ ብዙ አልቆየም። ወታደራዊ ፖሊሶቹ የጠላትን ሰዎች ለቃቀሟቸው። አጎትም ጀሶውን ሳያወልቅ ተያዘ፤ ሻምበሉ ያስረከበው ሲም ካርድም አፉን አዘጋው። ቁስለኛው ተርፏል። ኮሎኔሏ የሚደማውን ቁስል በቀኝ እጃቸው ተጭነው ነበር፤ ሲተኮስም አልለቀቁትም። ጥይት ያገኘው ያንን እጅ ነው።

እሳቸውን የማስተኛቱ ሥራ የሻምበሉ ሆነ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ኮሎኔል።»

«እንደሚተኮስ ታውቅ ነበር?»

መዋሸት እንጀራው ነበር። ይህን ግን መዋሸት አቃተው።

«አውቅ ነበር።»



«የሌላ ቤት ሰው እንደሆንክ የገባኝ የመጣህ ቀን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሠራዊቱ ያስተማረው ሐኪም ሁሉ እዚህ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ የአገልግሎት ግዴታዬ ስንት ዓመት ነው ብሎ ነው። መቼ እንደሚለቀቅ ሊያውቅ ነው። አንተ አልጠየቅክም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እጅህ ጥሩ ነበር። ሥራው እዚህ ያስቀርሃል ብዬ።»

ጭምብሉን ፊታቸው ላይ አደረገ። ሌላው ቀዶ ሐኪም እጃቸውን ማትረፍ አልቻለም፤ ከአንጓው በላይ ቆረጠው። ሻምበሉ እስከ መጨረሻው ካጠገባቸው ንቅንቅ አላለም። ይህ ምንም እንደማይክስ ያውቃል።

ከሳምንታት በኋላ፣ ሌላ ከተማ፣ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ያለበት ክፍል። የማያውቀው የስለላ መኮንን አዲስ መታወቂያ ገፋለት። የመጋዘን ሠራተኛ ይላል። ሕክምና የሚባል ነገር የለበትም።

«ጥሩ ሠርተሃል ተብሏል» አለ መኮንኑ። «ጥያቄ አለህ?»

«ግዴታው ስንት ዓመት ነው?»

መኮንኑ ቀና ብሎ አየው።

«የምን ግዴታ?»

ሻምበሉ መታወቂያውን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ፌርማታው ላይ ሰው ተጋፍቶ አውቶቡስ ይጠብቃል። መሃላቸው ገብቶ ቆመ።